ሳያምም የሚጀምር በሽታ፦ ስለ ማኅፀን በር ካንሰርና ስለ ጡት ካንሰር ለእናቶች የተሰጠ ምክር

እናቶች ሆይ፤

ጎተራ ውስጥ ነቀዝ ሲገባ ጎተራው በውጭ ሲያዩት ደኅና ነው። ክዳኑን ከፍታ፣ እጅዋን ሰድዳ፣ እህሉን ዘግና ያየች ሴት ነቀዙ ሳይበዛ ትደርስበታለች፤ እህሉንም ፀሐይ ላይ አስጥታ ታተርፈዋለች። ያላየችው ግን ክረምት ገብቶ ልትፈጭ ስትል የምታገኘው ገለባና ብናኝ ነው። በዚህች ጽሑፍ የምንነግራችሁ በሽታ ጠባዩ እንደዚሁ ነው። ሲጀምር አያምም፤ አያተኩስም፤ ከወፍጮም ከገበያም አያስቀርም። ማመም በጀመረ ጊዜ ግን ብዙውን ጊዜ ሥር ሰድዶ ይገኛል።

ይህ በሽታ ካንሰር ይባላል። በአገራችን ከድሮ ጀምሮ «ነቀርሳ» ሲባል ኖሯል። ይሁን እንጂ «የሳንባ ነቀርሳ» የምንለው ቲቢ ሌላ በሽታ ስለሆነ ሁለቱን አታምታቱ። ቲቢ በሳል ከሰው ወደ ሰው ይተላለፋል፤ ካንሰር ግን በትንፋሽ አይተላለፍም።

በአገራችን ሴቶችን ከሁሉ አብዝቶ የሚይዘው ካንሰር የጡት ነው፤ ሁለተኛው የማኅፀን በር ነው። ከሁለቱ ይልቅ የማኅፀን በር ካንሰር ገና ካንሰር ሳይሆን ሊታይና ሊገታ የሚችል በመሆኑ አስቀድመን ስለ እርሱ በሰፊው እንናገራለን።

ካንሰር ምንድን ነው?

የሰው ገላ ዓይን በማያያቸው እጅግ ጥቃቅን ሕዋሳት የተሠራ ነው። ሕዋሳት ሲያረጁ ይሞታሉ፤ በምትካቸው አዲሶች ይወጣሉ፤ ሁሉም በልክና በሥርዓት ነው። አንዳንድ ጊዜ ግን ጥቂቶቹ ሥርዓቱን አፍርሰው ያለ ልክ ይባዛሉ። በመጀመሪያ በአንድ ቦታ ይከማቻሉ፤ ቀጥሎ በአጠገባቸው ያለውን ሥጋ ይወርራሉ፤ በመጨረሻም ተበትነው ወደ ሳንባ፣ ወደ ጉበት፣ ወደ አጥንት ይሄዳሉ። ካንሰር ማለት ይህ ነው። በአንድ ቦታ ሳለ የተገኘ እንደሆነ ብዙውን ጊዜ ይድናል። ከተበተነ በኋላ ግን ሕክምናው ረዥምና ከባድ ነው፤ የመዳኑም ተስፋ ያነሰ ነው።

ካንሰር እርግማን አይደለም፤ የቡዳም ሥራ አይደለም። አብሮ በመብላት፣ በልብስ፣ በመጨባበጥ አይተላለፍም። ስለዚህ ካንሰር የያዛትን እናት ሳህንዋን መለየት፣ ከማዕድ ማራቅ፣ ለብቻዋ ጥግ ማስተኛት አያስፈልግም። እንዲህ ማድረግ በሕመም ላይ ኀዘን መጨመር ነው።

የማኅፀን በር ካንሰር ከምን ይመጣል?

ማኅፀን ልጅ የሚያድግበት ቤት ነው። ይህ ቤት በታች በኩል እንደ አንገት ጠበብ ያለ በር አለው። በወሊድ ጊዜ የሚከፈተው እርሱ ነው፤ በሽታውም የሚጀምረው በዚሁ በር ላይ ነው።

በሽታውን የሚያመጣው ሂዩማን ፓፒሎማ ቫይረስ፣ ባጭሩ ኤች ፒ ቪ የተባለ ቫይረስ ነው። ይህን የደረሰበት ጀርመናዊው ሐኪም ሃራልድ ጹር ሃውዘን ሲሆን፣ ስለዚሁ ሥራው በ2001 ዓ.ም. የኖቤል ሽልማት ተቀብሏል። ቫይረሱ የሚተላለፈው በግብረ ሥጋ ግንኙነት ነው። እጅግ የተለመደ ስለሆነ ባልና ሚስት የሆኑ ሰዎች አብዛኞቹ በዕድሜያቸው አንድ ጊዜ ያገኛቸዋል። ስለዚህ አንዲት ሴት ቫይረሱ ተገኘባት ማለት ጥፋት ሠርታለች ማለት አይደለም። አንድ ባል ብቻ የምታውቅ ሴትም ይይዛታል። ባልም «ከየት አመጣሽው?» ብሎ ሊጣላ አይገባውም፤ እርሱ ራሱ ከብዙ ዓመት በፊት ይዞት ሳያውቀው ኖሮ ሊሆን ይችላልና።

ቫይረሱ ከያዛቸው ከ10 ሴቶች በ9ኙ ያህል ላይ በ2 ዓመት ጊዜ ውስጥ ገላ ራሱ ያጠፋዋል። በቀሩት ላይ ግን ተደብቆ ይኖራል፤ የማኅፀኑን በር ሕዋሳትም ቀስ በቀስ ይለውጣል። ከዚያ ተነሥቶ ካንሰር እስኪሆን አብዛኛውን ጊዜ ከ15 እስከ 20 ዓመት ይፈጃል። የኤች አይ ቪ ቫይረስ በደምዋ ላለና መድኃኒት ላልጀመረች ሴት ግን ከ5 እስከ 10 ዓመት ብቻ ሊበቃው ይችላል።

እናቶች፣ ይህን ነገር ልብ በሉት። በሽታው 15 ዓመት ሙሉ በር ላይ ቆሞ ይጠብቃል ማለት ነው። በዚህ ሁሉ ጊዜ ውስጥ አንድ ቀን ብቻ ቢታይ ይያዛል።

በሽታው የሚያሰጋቸው እነማንን ነው?

1ኛ/ በልጅነታቸው የተዳሩ ሴቶችን። የልጅ ማኅፀን ገና አልጠናም፤ ቫይረሱ በቀላሉ ይይዘዋል። የአገራችን ሕግ ከ18 ዓመት በታች ጋብቻን የከለከለው ያለ ምክንያት አይደለም።

2ኛ/ የኤች አይ ቪ ቫይረስ በደማቸው ያለ ሴቶችን። እነዚህ ከሌሎች ሴቶች 6 እጥፍ ያህል ይሠጋላቸዋል።

3ኛ/ ራሳቸው ወይም ባላቸው ከብዙ ሰው ጋር የተገናኙ ሴቶችን። ኮንዶም አደጋውን ይቀንሰዋል፤ ፈጽሞ ግን አያስቀረውም።

4ኛ/ ብዙ ጊዜ የወለዱ ሴቶችንና ትምባሆ የሚያጨሱትን።

ከነዚህ ባንዱም የሌለችበት ሴት ግን «እኔን አይነካኝም» ብላ መተው የለባትም።

ምልክቱ ምንድን ነው?

ሲጀምር ምልክት የለውም። ካደገ በኋላ የሚታዩት ምልክቶች እነዚህ ናቸው፤

1ኛ/ የወር አበባ ጊዜው ሳይደርስ የሚመጣ ደም፤
2ኛ/ ከግብረ ሥጋ ግንኙነት በኋላ የሚታይ ደም፤
3ኛ/ ሴት ካረጠች በኋላ፣ ጥቂትም ቢሆን፣ የሚመጣ ደም፤
4ኛ/ ክፉ ሽታ ያለው ወይም ደም የቀላቀለ ፈሳሽ፤
5ኛ/ የማይለቅ የወገብና የእምብርት በታች ሕመም፤
6ኛ/ በሽታው በጣም ሲገፋ የእግር ማበጥና መክሳት።

ከነዚህ አንዱን ያየች ሴት ተራ የምርመራ ቀን ሳትጠብቅ ወዲያው ወደ ጤና ጣቢያ መሄድ አለባት። «አርጅቻለሁ፤ ዕድሜዬ አልፏል» አትበሉ። ካረጡ በኋላ የሚመጣ ደም በፍጹም የሚናቅ ነገር አይደለም።

ንጽሕና ጥሩ ነው፤ ይህን በሽታ ግን አያጥበውም

ብዙ እናቶች ሽታ ያለው ፈሳሽ ሲያዩ «ብርድ ነው፤ ምች ነው» ይላሉ። አንዳንዶቹም ውስጣቸውን በሳሙና፣ በሎሚ ወይም በቅጠል ጭማቂ ያጥባሉ። ይህ ይጎዳል እንጂ አይጠቅምም። ውጩን ገላ በንጹሕ ውሃ መታጠብ፣ የወር አበባ ጨርቅን በሳሙና አጥቦ ፀሐይ ላይ ማስጣት የሚገባ ነገር ነው። ውስጥን ግን ማጠብ አያስፈልግም። ሽታው ለጊዜው ቢጠፋ እንኳ በሽታው በቦታው ነው፤ ጊዜው ብቻ ያልፋል።

በዚህ ነገር እኔ ራሴ ያየሁትን ልንገራችሁ። በምሠራበት ጤና ጣቢያ ዕድሜያቸው ወደ 45 የሚጠጋ አንዲት እናት መጡ። «ራሴን ያመኛል» አሉኝ። እኔም ስለ ራሳቸው ብቻ ጠይቄ መድኃኒት ሰጠኋቸው፤ ሌላ አልጠየቅሁም። ሲወጡ አዋላጅዋን ነርስ በረንዳ ላይ አገኙዋት፤ ቆዩና «ልጄ፣ የመጣሁበት ሌላ ነበር» አሏት። ደም ከጀመራቸው 8 ወር ሆኗቸዋል። መኝታቸውን ከባላቸው ለይተዋል፤ በየቀኑ ወንዝ ወርደው ይታጠባሉ። «ለምን ለሐኪሙ አልነገሩትም?» ብትላቸው፣ «ኧረ የልጄ እኩያ ነው! በምን አፌ እነግረዋለሁ?» ብለው መለሱላት። ሲታዩ በሽታው ከማኅፀን በር አልፎ ነበር። ለጨረር ሕክምና ወደ አዲስ አበባ ተላኩ፤ ለመንገዱና ለቀለቡ በሬ ተሸጠ። ከ5 ዓመት በፊት አንድ ቀን ብቻ ታይተው ቢሆን ኖሮ ከቤታቸው ሳያድሩ ነገሩ ባለቀ ነበር።

ጥፋቱ የእኔም ነው፤ መጠየቅ ነበረብኝ። ከዚያ ወዲህ እጠይቃለሁ። እናንተም እርዱን። ለወንድ ወይም ለልጅ መንገር ካሳፈራችሁ «ሴት ነርስ ትየኝ» ማለት መብታችሁ ነው፤ የሚቆጣችሁ የለም። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም ይባል የለምን?

ምርመራው እንዴት ነው?

ምርመራው የሚደረገው በጤና ጣቢያና በሆስፒታል ነው። ዕድሜዋ ከ30 እስከ 49 ዓመት የሆነ ሴት ሁሉ፣ ምንም ሕመም ባይሰማትም፣ በየ5 ዓመቱ መመርመር ይገባታል። የኤች አይ ቪ ቫይረስ በደምዋ ያለ ሴት ከ25 ዓመትዋ ጀምራ፣ ከዚያም ቶሎ ቶሎ ትመረመራለች። ቀኑን ክትትል በምታደርጉበት ክፍል ጠይቁ።

አሠራሩ ቀላል ነው። ሴትዮዋ በመጋረጃ በተከለለ ክፍል ትተኛለች። ነርስዋ ንጹሕ በሆነ መክፈቻ መሣሪያ የማኅፀኑን በር ታያለች። በመቶ ከ3 እስከ 5 ኃይል ያለው አቼቶ በጥጥ ትቀባዋለች፤ 1 ደቂቃ ያህል ትጠብቃለች። ደኅና የሆነው ሥጋ መልኩን አይለውጥም፤ መለወጥ የጀመረው ሥጋ ግን ነጭ ሆኖ ይታያል። መቁረጥ የለም፤ መርፌ የለም። ጥቂት ሊያቃጥል ይችላል እንጂ ብዙ አያምም። ወዲያው ውጤቱ ይነገራል። ይህን ግን ማንም ሴት በቤትዋ አትሞክረው፤ የማኅፀኑን በር ማየት የሚችለው የሠለጠነ ሰው ነው።

በአንዳንድ ሥፍራ ደግሞ ቫይረሱ ራሱ መኖር አለመኖሩ ይመረመራል። ለዚህኛው ምርመራ ሴትዮዋ ራስዋ ለብቻዋ ሆና በትንሽ ብሩሽ ናሙናውን ልትወስድ ትችላለች። ሌላ ሰው እንዲያያት ለምታፍር ሴት ይህ ጥሩ መንገድ ነውና ካለ ጠይቁ።

የወር አበባ በሚፈስበት ቀን ምርመራው አይመችም። እርጉዝ የሆናችሁ ወይም የምትጠረጥሩ አስቀድማችሁ ንገሩ።

ነጭ ሆኖ ቢታይስ?

አትደንግጡ። ነጭ ሆነ ማለት ካንሰር ሆነ ማለት አይደለም፤ ወደዚያ ሊሄድ የሚችል ሥጋ ተገኘ ማለት ነው። ያንኑ ሥጋ በብርድ ወይም በሙቀት ማጥፋት ይቻላል። በሙቀት የሚሠራው 1 ደቂቃ እንኳ አይፈጅም። በብርድ የሚሠራው 3 ደቂቃ ማቀዝቀዝ፣ 5 ደቂቃ ማሳረፍ፣ እንደገና 3 ደቂቃ ማቀዝቀዝ ነው። ሴትዮዋ በዚያው ቀን በእግርዋ ወደ ቤትዋ ትመለሳለች። ማኅፀን አይወጣም፤ ልጅ መውለድም አይቀርም።

ከዚህ በኋላ ለጥቂት ሳምንታት ውሃ የመሰለ ፈሳሽ ይመጣል፤ ቁስሉ ሲድን የሚመጣ ነው። ለ4 ሳምንት ግን ከባልዋ ጋር መገናኘት የለባትም። ባሎች ሆይ፣ ይህን ስሙ፤ 4 ሳምንት መታገሥ ሚስትን ከማጣት ይቀልላል። ብዙ ደም፣ ትኩሳት ወይም ክፉ ሽታ ከሕመም ጋር ከመጣ ወዲያው ወደ ጤና ጣቢያ መመለስ ነው። ደኅና ብትሆንም በዓመቱ ተመልሳ መታየት አለባት።

በሽታው ካንሰር ሆኖ ከተገኘ ሕክምናው ቀዶ ጥገና፣ ጨረርና መድኃኒት ነው። የጨረር ሕክምና ለብዙ ዓመታት በአዲስ አበባ በጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ብቻ ሲሰጥ ቆይቶ ከቅርብ ጊዜ ወዲህ እንደ ጅማ ባሉ ሌሎች ሥፍራዎችም ተጀምሯል። የተላከች እናት «ተራው ሩቅ ነው» ብላ መቅረት የለባትም። ጠበል የምትጠመቁ እናቶችም ጠበላችሁን ተጠመቁ፤ ሕክምናውን ግን አታቋርጡ። አንዱ ሌላውን አይከለክልም።

ለሴቶች ልጆቻችሁ ክትባት አለ

ይህን ቫይረስ የሚከላከል ክትባት በአገራችን ከ2011 ዓ.ም. ጀምሮ ለልጃገረዶች ይሰጣል። ክትባቱ የሚሠራው ቫይረሱ ሳይቀድመው ስለሆነ የሚወጉት ገና ልጆች ሳሉ ነው። ቀድሞ በ2 መርፌ ይሰጥ ነበር፤ በ2015 ዓ.ም. የዓለም የጤና ድርጅት ዕድሜያቸው ከ9 እስከ 14 ዓመት ለሆኑ ልጃገረዶች 1 መርፌም ሊበቃ እንደሚችል አስታውቋል። «መካን ያደርጋል» የሚባለው ወሬ ሐሰት ነው። ትምህርት ቤት የማትሄድ ልጅ ያለቻችሁ ለጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ ንገሩ፤ እንዳትረሳ። እናትየዋ መመርመር፣ ልጅትዋ መከተብ፤ ይህ የአንድ ቤት ሁለት አጥር ነው።

ስለ ጡት ካንሰር

ጡታችሁን ከእናንተ ይልቅ የሚያውቀው የለም። ገላችሁን በምትታጠቡበት ቀን፣ በተለይ የወር አበባ ካለፈ በኋላ፣ በጣቶቻችሁ ገጽ ዙሪያውንና ብብታችሁን እየዳሰሳችሁ እዩ። የሚከተለውን ያየች ሴት ትመርመር፤

1ኛ/ በጡት ወይም በብብት ውስጥ ያለ ጠንካራ እብጠት፤ ባያምም እንኳ፤
2ኛ/ የጡት ቆዳ መሰርጎድ ወይም እንደ ብርቱካን ልጣጭ መሆን፤
3ኛ/ ቀድሞ ወጣ ያለ የጡት ጫፍ ወደ ውስጥ መግባት፤
4ኛ/ ከጡት ጫፍ የሚወጣ ደም፤
5ኛ/ የማይድን ቁስል።

እብጠት ሁሉ ካንሰር አይደለም፤ እንዲያውም አብዛኛው አይደለም። ይህን የሚለየው ግን ምርመራ ነው። እናቶች የሚሳሳቱት «አያመኝም እኮ» በማለት ነው። የጡት ካንሰር ሲጀምር ብዙ ጊዜ አያምም። የምታጠባ እናት ጡትዋ ቢያብጥ ወተት ቋጥሮ ወይም መግል ይዞ ሊሆን ይችላል፤ ታክማ ከ2 ሳምንት በኋላም ያልጠፋ እንደሆነ ግን ተመልሳ ትታይ። እብጠቱን አትተኩሱት፤ አትብጡት፤ ዋግምትም አታስነቅሉበት።

እናትዋ ወይም እኅትዋ በዚህ በሽታ የታመመችባት ሴት ይበልጥ ትጠንቀቅ። ልጅን ማጥባት ለእናትየዋ ራስዋ ከጡት ካንሰር ይከላከላል። መጠጥ ማብዛት ደግሞ አደጋውን ይጨምራል።

በቤት ውስጥ የሚደረግ ጥንቃቄ

ሌሎች ካንሰሮችም አሉ፤ ከነርሱ ለመጠበቅ በቤት ውስጥ ማድረግ የሚቻለውን ባጭሩ እንናገር።

ትምባሆ የሳንባ፣ የአፍ፣ የጉሮሮና የሌላም ብልት ካንሰር ያመጣል፤ በቤት ውስጥ ሲጨስ ለልጆችም ይተርፋል። የማገዶ ጭስ ሳንባን ይጎዳልና ማድቤቱ መስኮትና ጭስ ማውጫ ይኑረው።

የሻገተ በቆሎ፣ ለውዝና በርበሬ ጉበትን የሚጎዳ መርዝ አለበት፤ ቢቀቅሉትም አይጠፋም። እህሉን ከመክተታችሁ በፊት በደንብ አድርቁት፤ ከመሬት ከፍ አድርጋችሁ አስቀምጡት። ሕፃናት በ6ኛው፣ በ10ኛውና በ14ኛው ሳምንት የሚወጉት ክትባትም የጉበት ካንሰር ከሚያመጣ አንዱ ቫይረስ ይጠብቃቸዋል።

እጅግ ትኩስ ገንፎ፣ ሻይና ቡና የምግብ መውረጃውን ቧንቧ ያቆስላል። የዚህ ቧንቧ ካንሰር በአርሲና በባሌ አብዝቶ ይታያል። ምግቡን ጥቂት አብርዶ መብላት ምንም ወጪ የለውም።

እንግዲህ ምን ታደርጋላችሁ?

ጤና ጣቢያው አብዛኛውን ጊዜ ያለው በገበያው መንደር ነው። የምርመራው ቀን የትኛው እንደሆነ አስቀድማችሁ ከጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ ጠይቁ። ሁለት ሦስት ጎረቤታሞች ሆናችሁ ቀን ቁረጡ፤ አንዷ የሌላዋን ልጅ ትያዝላት። የጤና መድኅን ካርድ ያላችሁ ይዛችሁ ሂዱ።

ይህችን ጽሑፍ ማንበብ ለማትችል ጎረቤት ቡና ሲፈላ አንብቡላት፤ ወይም ተማሪ ልጅ ያንብብላት። አውቃ ዝም ያለች ጎረቤት ካለችም፣ ውሃ ስትቀዱ ቀስ ብላችሁ ጠይቁዋት። ብዙ ሴት የምትናገረው ስትጠየቅ ነው።

ሳይቃጠል በቅጠል ነውና፣ ሕመም ሳይሰማችሁ ሂዱ። ካመመ በኋላ ለመሄድማ ማንም ይሄዳል።